ደላላውና አየር በአየሩ

ባለፈው ሴሚስተር የዜና አጻጻፍ ኮርስ እየወሰድን ሳለ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሥራ አገኘልኝ። ለአንድ የውጭ ድረ ገጽ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው፤ ክፍያው በጽሑፍ ብዛት፣ ለተማሪ ኪስ መጥፎ የማይባል። መመሪያም ተላከልኝ። ርዕሱ "ተዋናይቷ ዛሬ ምን እንደምትመስል ብታዩ አታምኑም" ዓይነት ይሁን፣ ጽሑፉ በ30 ገጽ ይከፋፈል፣ በየገጹ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፣ ተዋናይቷም ከመጨረሻዎቹ ገጾች በፊት ዝር እንዳትል ይላል። ጠዋት ክፍል ውስጥ መምህራችን "ዋናውን ነገር መጀመሪያ አስቀምጡ፤ የተገለበጠ ፒራሚድ ማለት ይኼ ነው" ይሉናል። ማታ ዶርም ገብቼ ፒራሚዱን መልሼ እገለብጠዋለሁ።

ለምን እንደዚያ እንደሚጻፍ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኛ አገር "አየር በአየር" የሚባል ንግድ አለ አይደል? ነጋዴው ዕቃውን በዓይኑ ሳያየው፣ መጋዘን ሳያስገባው ከአንዱ ገዝቶ ለሌላው ይሸጣል፤ ትርፉ በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የክሊክ አርቢትራዥ ድረ ገጽ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሚገዛውና የሚሸጠው አንባቢውን መሆኑ ላይ ነው። ባለቤቱ በፌስቡክ፣ ወይም እንደ ታቡላና አውትብሬን ባሉ ድርጅቶች አማካይነት በሌሎች ድረ ገጾች ግርጌ ማስታወቂያ ያስወጣል። አንድ ሰው ተጭኖ እንዲገባለት 3 ሳንቲም (የአሜሪካ ማለቴ ነው) ከፈለ እንበል። የገባው ሰው 30ውን ገጽ ሲያገላብጥ በየገጹ ከተደረደሩት ማስታወቂያዎች 5 ሳንቲም ቢገኝ 2 ሳንቲም አተረፈ ማለት ነው። አንባቢው የፈለገውን በመጀመሪያው ገጽ አግኝቶ ከወጣ ግን 3 ሳንቲሟ ቀለጠች። ስለዚህ በዚህ ቤት ጥያቄው ቶሎ የተመለሰለት አንባቢ ኪሳራ ነው።

ብዙዎቻችን አፊሊዬት የሚባለውን ከዚህ ጋር እንቀላቅለዋለን። "ያው በኢንተርኔት ብር መሥራት ነው" ይባላል። በእኔ እይታ ግን አንድ አይደሉም። አፊሊዬቱ ደላላ ነው። ስለ አንድ ካሜራ ወይም ጫማ ይጽፍና የሻጩን ሊንክ ያስቀምጣል፤ አንባቢው በዚያ ሊንክ ሄዶ ከገዛ ሻጩ ኮሚሽን ይከፍለዋል። አማዞን ይህን አሠራር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ገዢው ዕቃውን ከመለሰ ኮሚሽኑም አብሮ ይመለሳል። እንግዲህ ደላላው ቢያንስ ዕቃው ገዢው ቤት እንዲቀር፣ አንባቢውም ነገ ተመልሶ እንዲመጣ ይፈልጋል። ዋየርከተር የሚባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሥርቶ ዕቃ እየፈተሸ በመጻፍ በዚህ ኮሚሽን ያደገ ሲሆን፣ በ2016 ኒውዮርክ ታይምስ በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶታል።

ደላላ መልአክ ነው እያልኩ አይደለም፤ ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሁሉ ይነግራችኋል። ኮሚሽን የሌለው ዕቃ ጥሩም ቢሆን ስሙ አይነሳም። በእጁ ያልነካውን "ሞክሬዋለሁ" የሚልም ሞልቷል። ነገር ግን በአሜሪካ ሕግ ደላላነቱን ለአንባቢው መናገር ይጠበቅበታል። "በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ ኮሚሽን አገኛለሁ" ሲለኝ እኔም ጠርጠር እያደረግሁ አነበዋለሁ። አየር በአየሩ ግን "አንቺን በ3 ሳንቲም ገዝቼ ነው ያስገባሁሽ" ብሎ የጻፈበትን ገጽ እስካሁን አላየሁም።

ይህ ነገር ሙያችንንም ይነካል። የአሜሪካ አስተዋዋቂዎች ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከመረመራቸው የኢንተርኔት ማስታወቂያዎች 21 በመቶው፣ ከገንዘቡም 15 በመቶው ለማስታወቂያ ሲባል ብቻ በተሠሩ ድረ ገጾች ላይ መዋሉን ገልጿል። አየር በአየሮቹ ከእነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። ማስታወቂያ አስነጋሪው የከፈለው አንባቢ ፊት ልቅረብ ብሎ ነው፤ ያ ገንዘብ ዘጋቢ ቀጥሮ ለሚያሠራ ጋዜጣ ሊደርስ ይችል ነበር።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው "አንቺ ደግሞ አታካብጂ፤ ማን ሞተ?" አለኝ። የፎቶ ኮፒና የሳሙና ብር ከየት ይምጣ ነው ነገሩ፣ እሱም እውነቱን ነው። እኔም 11 ጽሑፍ ጽፌያለሁ። ያቆምኩት ደግሞ በጀግንነት ብቻ አይደለም፣ ፈተና ደርሶብኝም ነው። ሆኖም ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ስንመረቅ መጀመሪያ የምናገኘው ሥራ ይኼ ሊሆን ስለሚችል፣ ትምህርት ክፍላችን በሥነ ምግባር ኮርስ ውስጥ አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው እላለሁ። አንባቢው ቶሎ ሲገባው ቀጣሪዬ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? ቢያንስ ይህን ጠይቀን እንግባ።

ባለፈው ሳምንት ይኸው ጓደኛዬ እንግሊዝኛውን እንዳይለት አንድ ጽሑፍ ሰጠኝ። ስለ ድንገተኛ የልብ ሕመም ምልክቶች ነው፣ 24 ገጽ። የደረት ሕመም ያለው 22ኛው ገጽ ላይ ነው። "ይኼንን አንደኛ ገጽ ላይ አድርገው" አልኩት።

"ልታስባርሪኝ ነው?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለና ወደ 9ኛው ገጽ አመጣው።