አንጋፋው የት ይቁም?

ሹመት በተነገረ ቁጥር «ማን ተሾመ?» እንላለን፤ «ከማን ጎን ተቀመጠ?» ብለን የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ከፖለቲካው መንደር ወጣ ብዬ በአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ላነሣው እወዳለሁ።

በዚህ ጨዋታ ከአጥቂው ቡድን ፊት አምስት ግዙፍ ሰዎች ይሰለፋሉ፤ በመካከል ሴንተሩ፣ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ በዳርና በዳር ሁለት ታክሎች። ሥራቸው ኳስ ይዞ ለሚሮጠው መንገድ መጥረግ፣ ኳስ ወርዋሪውን ኳርተርባክ መከለል ነው። ከአምስቱ አንዱ ከሳተ የአራቱ ድካም ከንቱ ይሆናል።

ኒው ዮርክ ጄትስ እ.ኤ.አ. በ2007 ልምድ ያለውን የግራ ጋርዱን ፒት ኬንዳልን ከደመወዝ ክርክር በኋላ ለዋሽንግተን አሳልፎ ሰጠ። ዓመቱን በ4 ድልና በ12 ሽንፈት ፈጸመ። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው መሄድ ማሳበብ ባይገባም፣ ክፍተቱ ግን ታየ። በ2008 ቡድኑ በፒትስበርግ አሥር ዓመት የተጫወተውን አለን ፋኔካን አስፈረመ።

የት አቆመው? በለመደው በግራ ጋርድ ቦታ፤ ይኸውም በ2006 በመጀመሪያው ዙር በተመረጡት በሁለቱ ወጣቶች፣ በታክሉ ደብሪክሾ ፈርጉሰንና በሴንተሩ ኒክ ማንጎልድ መካከል። ብራንደን ሙር በቀኝ ጋርድነቱ ጸና። በዚያው ዓመት የመጣው ሌላው አንጋፋ ዴሚየን ዉዲ፣ ዘመኑን በአብዛኛው በሴንተርነትና በጋርድነት ያሳለፈ ቢሆንም፣ ቀኝ ታክል ሆነ።

በእኔ እምነት ብልኅነቱ እዚህ ላይ ነው። ለአንጋፋው ክብር ሲባል ወጣቶቹ ከቦታቸው አልተነቀሉም፤ እርሱም ከበላያቸው ሳይሆን ከመካከላቸው ቆመ። በ2008 የሰው ሁሉ ዓይን ያረፈው በታዋቂው ኳርተርባክ በብሬት ፋቭር ላይ ነበር፤ እርሱ ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ሄደ። መስመሩ ጸንቶ ቀረ። በ2009፣ ገና ጀማሪ ኳርተርባክ ይዞ፣ ጄትስ በሩጫ 2,756 ያርድ በመጓዝ ከሊጉ አንደኛ ሆነ፤ እስከ ኤኤፍሲ ፍጻሜም ደረሰ። የተከላካዩ ክፍል ጥንካሬም ድርሻ እንደነበረው መካድ አይቻልም።

በ2010 ቡድኑ ፋኔካን አሰናበተ። እኔም ያን ጊዜ ቅር ተሰኝቼ ነበር። ነገር ግን ቦታውን ማት ስሎሰን ያዘ፤ ቡድኑም ዳግመኛ እዚያው ፍጻሜ ደረሰ። አንጋፋው ሲሄድ የሚፈርስ ቤት አልነበረም፤ ከጎኑ የቆሙት በሁለት ዓመት ጎልምሰው ነበርና። ፋኔካም በ2021 በፉትቦሉ የክብር አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። ስንብቱ ክብሩን አልቀነሰበትም።

እንግዲህ ወንበር የሚያደላድሉ ሁሉ ይህን ቢያስቡ መልካም ነው። አንጋፋን መጣል ድፍረት ነው፤ በማይነቃነቅ ዙፋን ማስቀመጥም ስንፍና ነው። ተገቢው ከተተኪዎቹ ጎን ማቆም፣ ጊዜው ሲደርስም በክብር መሸኘት ነው።