የቮልቴጅ ጥበቃ ከመለካት ይጀምር፦ የባሌ ደጋ እንደ ማሳያ

በኢትዮጵያ ስለ ኤሌክትሪክ አቅርቦት ጥራት ሲነገር ቀድሞ የሚነሣው የመብራት መጥፋት ነው። መጥፋት ለዓይን ይታያል፤ ይቆጠራል፤ አቤቱታም ይቀርብበታል። ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ መጥቶ የሚያልፈው የቮልቴጅ መውረድ ግን አብዛኛውን ጊዜ መዝጋቢ የለውም። አምፖሉ ለቅጽበት ደብዘዝ ብሎ ይመለሳል፤ የላቦራቶሪው መመርመሪያ ግን የጀመረውን ናሙና አቋርጦ እንደ አዲስ ይነሣል፣ የሞተሩ ኮንታክተር ይለቃል፣ ኮምፒዩተሩ ይዘጋል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። ለቮልቴጅ መዋዠቅ ተጋላጭ የሆነን ጭነት መጠበቅና ሾርት ሰርኪትን መከላከል ሁለት የምርምር ርእሶች ሳይሆኑ አንድ ጥያቄ ናቸው፤ የጥያቄውም መልስ በቦታው ከመለካት ይጀምራል።

የባሌ ደጋ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል፣ በሮቤ አቅራቢያ ደግሞ የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛሉ። የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ፣ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የአፈርና የዘር መመርመሪያ መሣሪያ በመሰል ተቋማት ዘንድ የዘወትር አገልጋዮች ናቸው። በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተሠራውና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የመልካ ዋከና ጣቢያም ከአካባቢው እጅግ የራቀ አይደለም። ሆኖም ለማመንጫ መቅረብ ብቻውን ከቮልቴጅ መውረድ አያድንም። ድንገተኛው መውረድ በአብዛኛው የሚመነጨው ከኃይል እጥረት ሳይሆን በመስመር ላይ ከሚደርስ ሾርት ሰርኪት ነውና።

ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ወይም መብረቅ መስመሩን ሲያገናኝ ከሰብስቴሽኑ ከፍተኛ የብልሽት ከረንት ይሳባል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ብልሽቱ የደረሰበት መስመር ብቻ አይደለም። ከዚያው ባስባር የሚነሡ ጤነኛ መስመሮች ሁሉ ብሬከሩ እስኪከፍት ድረስ ቮልቴጃቸው አብሮ ይወርዳል። የመውረዱን መጠን የሚወስነው ከባስባሩ በስተኋላ ባለው የምንጭ ኢምፒዳንስና እስከ ብልሽቱ ቦታ ባለው የመስመር ኢምፒዳንስ መካከል ያለው ድርሻ ነው።

ለማሳያ ያህል የምንጩ ኢምፒዳንስ 4 ኦም፣ የመስመሩ ደግሞ በኪሎ ሜትር 0.4 ኦም ነው ይባል። ሦስቱም ፌዞች በአንድነት ከተገናኙ፣ በ15 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚደርስ ብልሽት በባስባሩ ላይ ከመደበኛው ቮልቴጅ 60 በመቶውን ብቻ ያስቀራል። በ23 ኪሎ ሜትር 70 በመቶ፣ በ40 ኪሎ ሜትር 80 በመቶ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ደግሞ 91 በመቶ ያህል ይቀራል። ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው ርቀት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እስከ ሶፍ ዑመር ያለው ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ላስተዋለ፣ አሳሳቢው የሩቁ ሳይሆን የቅርቡ ብልሽት መሆኑ ግልጽ ይሆንለታል።

ይህን ስሌት አይቲአይሲ በሚል አህጽሮት ከሚታወቀው የኮምፒዩተር መሣሪያዎች የመቋቋም መመዘኛ ጋር ማገናኘት ይቻላል። በመመዘኛው መሠረት መሣሪያው 80 በመቶ ቮልቴጅን ለ10 ሰከንድ፣ 70 በመቶን ለግማሽ ሰከንድ መቋቋም አለበት። ከ70 በመቶ በታች ለሆነ መውረድ ግን የሚጠበቅበት የ20 ሚሊ ሰከንድ ጽናት ብቻ ነው፤ ይህም በ50 ኸርዝ ሥርዓት አንድ ዑደት ማለት ነው። እንግዲህ በማሳያው ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚደርስ ብልሽት መሣሪያውን እምብዛም አያሰጋውም። በ23 እና በ40 ኪሎ ሜትር መካከል የሚደርሰውን በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ለይቶ መቁረጥ የሪሌይና የብሬከር ድርሻ ነው። ከ23 ኪሎ ሜትር ወዲህ ያለውን ግን የትኛውም የተለመደ ብሬከር በአንድ ዑደት ውስጥ ቆርጦ ስለማይደርስ፣ ጥበቃው ከጭነቱ ዘንድ መገኘት ይኖርበታል። የሥራ ክፍፍሉ የሚወሰነው በእንዲህ ዓይነት ስሌት እንጂ በገበያ ላይ በተገኘው ዕቃ መሆን የለበትም።

በተግባር የሚታየው ልማድ ግን ከዚህ ይለያል። ችግር ሲያጋጥም ተቋማት ቀድመው የሚያስቡት ጄኔሬተር ወይም ስታቢላይዘር መግዛትን ነው። ጄኔሬተር ተነሥቶ ጭነት እስኪቀበል ሰከንዶች ይፈጅበታል፤ መውረዱ ግን ያኔ ካለፈ ቆይቷል። በሞተር የሚሠራ ስታቢላይዘርም ቀስ እያለ የሚለዋወጥን ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ድንገተኛውን አይቀድመውም። በባትሪ የሚደገፍ ዩፒኤስ በአንጻሩ በሚሊ ሰከንዶች ይደርሳል። ስለዚህ ጄኔሬተር ያለው ተቋም ሁሉ ተጠብቋል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

በድኅረ ምረቃ ጥናቶች ዘንድ ተወዳጅ የሆነው ዳይናሚክ ቮልቴጅ ሬስቶረርም በልኩ ሊታይ ይገባል። ይህ መሣሪያ ከመስመሩ ጋር በተከታታይ በተገናኘ ትራንስፎርመር አማካይነት የጎደለውን ቮልቴጅ ይጨምራል፤ ለአንድ ሙሉ ፋብሪካ ወይም ሆስፒታል ጥበቃ መስጠትም ይችላል። ይሁን እንጂ የሚያከማቸው ኃይል ውሱን ስለሆነ ረዥም መቋረጥን አይሸፍንም። ሾርት ሰርኪቱ ከመሣሪያው ወዲህ በጭነቱ በኩል ከደረሰ ደግሞ ለመደበኛ ከረንት በተሠራው ትራንስፎርመርና ኤሌክትሮኒክስ ውስጥ የብልሽቱ ከረንት ያልፋል። ያኔ ወይ ተሻጋሪ መንገድ ሊከፈትለት፣ ወይም ራሱ ተቃራኒ ቮልቴጅ አስገብቶ ከረንቱን እንዲገድብ መቆጣጠሪያው ሊነደፍለት ይገባል። ጠባቂው ራሱ ጥበቃ ይሻል ማለት ነው።

በመስመሩ በኩል የሚወሰዱ እርምጃዎችም እርስ በርስ ይነካካሉ። ብልሽት ሲደርስ ከፍቶ መልሶ የሚዘጋ ብሬከር አላፊውን ብልሽት ከረዥም መቋረጥ ያድናል፤ ብልሽቱ ሳይለቅ በዘጋ ቁጥር ግን በጎረቤት መስመሮች ላይ የቮልቴጅ መውረዱ ይደገማል። ለገጠሩ ደንበኛ ጥቅም የሆነው ለላቦራቶሪው ጉዳት ሊሆን ይችላል። ከመስመሩ አቅራቢያ ያለን ዛፍ መከርከም፣ የመብረቅ መከላከያንና የመሬት መስመርን መፈተሽ ግን ለሁሉም ይጠቅማል፤ ወጪውም ከሌሎቹ መፍትሔዎች ያነሰ ነው።

ከላይ የቀረበው ስሌት ማሳያ እንጂ የሮቤ ሰብስቴሽን መግለጫ አይደለም። በላይ መስመሮች ላይ የሚበዙት የአንድ ፌዝ ብልሽቶች ሲሆኑ፣ በትራንስፎርመሩ በኩል ሲያልፉ እንደ ጥምጥሙ አገናኝ መልካቸውን ይለውጣሉ። ስለዚህ እውነቱ የሚታወቀው ጭነቱ በተገናኘበት የ380 ቮልት ጎን መዝጋቢ መሣሪያ ሲተከል ነው። ባሌ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅቶች ስላሉት መዝገቡ ሁለቱንም ሊሸፍን፣ ከሰብስቴሽኑ የብሬከር መዝገብ ጋርም በሰዓት ሊመሳከር ይገባዋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው የረቀቀ ቴክኖሎጂ ሳይሆን የአሠራር ለውጥ ነው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች በሲሙሌሽን የሚጀምርና በሲሙሌሽን የሚያበቃ ጥናትን ከመቀበላቸው በፊት፣ ግብዓቱ የተለካ መረጃ መሆኑን ቢጠይቁ መልካም ነው። ተከታታይ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚያደርሱት አንድ የጋራ መዝገብ ቢኖር፣ የመጀመሪያው የለካውን ሁለተኛው ይተነትነዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጥበቃውን ይነድፍበታል። ማሞቂያ ውስጥ ለተኛው ጨቅላ መውረዱ ለምን ያህል ሚሊ ሰከንድ እንደቆየ ማወቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የትኛው መሣሪያ ቀድሞ መገዛት እንዳለበት የሚወስነው ይኸው ቁጥር ነው።