ከቡናው ስም ወደ ቡናው ምድር፦ የሚዛን አማን፣ የቴፒና የአካባቢው መስህቦች ይዞታና የጎብኚው ድርሻ

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ጸድቆ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በይፋ መመሥረቱ ይታወሳል። ክልሉ የመንግሥት መቀመጫዎቹን በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በተርጫ ከተሞች በማከፋፈሉ፣ ቀደም ሲል በመንገድ ዳር አዳሪ የሚያልፍባቸው የነበሩ አነስተኛ ከተሞች የአገልግሎት ማዕከል ለመሆን በቅተዋል። በዚህም ምክንያት ለጉዳይ፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ ወደ እነዚህ ከተሞች የሚጓዙ በርካታ ዜጎች በአካባቢው ምን እንደሚጎበኝ፣ እንዴትና መቼ እንደሚጎበኝ መረጃ ይፈልጋሉ። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ፍላጎት ምላሽ ከመስጠት ባሻገር፣ ይህን ያህል ሀብት ያለው ምድር ጎብኚ ያነሰው ለምን እንደሆነና ከጉብኝቱ የሚገኘው ጥቅም የማን ሊሆን እንደሚገባ ይመረምራል።

ቀድሞ የሄደው ስም

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ መጀመር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በቀድሞው የማጂ ግዛት፣ ጌሻ ተብሎ ከሚጠራው አካባቢ የተሰበሰበ የቡና ዘር በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ። ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ በተካሄደ የቡና ውድድር ይኸው ዝርያ አሸንፎ አንድ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የአንድ ፓውንድ የጨረታ ዋጋ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። ዛሬ በእስያም ሆነ በአውሮፓ ታላላቅ ከተሞች የጌሻን ቡና በውድ ዋጋ የሚጠጣ ሰው፣ ስሙ የመጣው ከሚዛን አማን ባሻገር ካለ ደን መሆኑን የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ስሙ ዓለምን ሲዞር የስሙ ባለቤት የሆነው ምድር እዚያው ቀረ። በቱሪዝም ረገድ ያለው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ቡናው የሄደበትን መንገድ ጎብኚው ወደ ኋላ ተከትሎት እንዲመጣ ምን ያስፈልጋል?

ምን ይጎበኛል?

ቀድሞ ሚዛን ተፈሪና አማን በመባል ተለያይተው የሚታወቁት ሁለት ከተሞች ተዋሕደው የተመሠረተችው ሚዛን አማን፣ የቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በደን በተሸፈኑ ተራሮች የተከበበች ከመሆኗም በላይ ወደ ቴፒ፣ ወደ በበቃና ወደ ማጂ ለሚያቀና መንገደኛ ማረፊያና መነሻ ናት። በገበያዋ የደን ማር፣ ኮረሪማ፣ ጎደሬና ቆጮ፣ በአካባቢው ቤቶችም ከቡና ቅጠልና ከቅመማ ቅመም የሚዘጋጀው ጨሞ የሚባል ትኩስ መጠጥ ይገኛል። ከዚሁ አካባቢ ስሙን ያገኘው የሸኮ የቀንድ ከብት ዝርያ የገንዲ በሽታን በመቋቋም በተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የበበቃ ቡና እርሻ ከ9 ሺህ ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን በሀገሪቱ ካሉት ትላልቅ የቡና እርሻዎች አንዱ ነው። ቡናው በትላልቅ የጥላ ዛፎች ሥር ስለሚለማ ወፎችንና ጉሬዛዎችን ለማየት ያመቻል። ይሁን እንጂ በበቃ በሥራ ላይ ያለ እርሻ እንጂ ፓርክ አለመሆኑን መገንዘብ ይገባል፤ ለመግባት አስቀድሞ የእርሻውን አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

ቴፒ ደግሞ የቅመማ ቅመም ምድር ናት። በከተማዋ በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል፣ እርድ፣ ቀረፋና ቫኒላን የመሳሰሉ ሰብሎች ላይ ምርምር ይካሄዳል። በሚዛን አማንና በቴፒ ግቢዎች ያሉት ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ሁለቱን ከተሞች በዕውቀት ያስተሳስራል።

ከቴፒ ወደ ማሻ ሲኬድ የሸካ ደን ይገኛል። ይህ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ በጋምቤላ ክልል የሚገኘው የማጃንግ ደን ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተመሳሳይ ዕውቅና አግኝተዋል። በቦንጋ ዙሪያ የብሔራዊ ቡና ሙዚየም፣ የማንኪራ የዱር ቡና ደን፣ የባርታ ፏፏቴና የውሽውሽ ሻይ ልማት ተጠቃሽ ናቸው። ከሚዛን አማን ወደ ደቡብ የሚዘልቀው መንገድ ወደ ዲዚ፣ ወደ ሜኢኒትና ወደ ሱሪ ሕዝቦች አካባቢ፣ እንዲሁም ወደ ኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ያደርሳል።

ጎብኚው ለምን አነሰ?

የመጀመሪያው ምክንያት ርቀትና መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ በየብስ የሚደረገው ጉዞ አድካሚ ሲሆን፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ደኑና ወደ መንደሮቹ የሚገቡት መንገዶች በዝናብ ጊዜ ይበላሻሉ። የአውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ ከተጀመረባቸው ከተሞች አንዷ ሚዛን አማን መሆኗ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን ማረፊያው ጎብኚን ከተማ ያደርሳል እንጂ ደን ውስጥ አያደርስም።

ሁለተኛው ምክንያት የአገልግሎት እጥረት ነው። በገበታ ለሀገር መርሐ ግብር የኮይሻ ፕሮጀክት አካል ሆነው የተገነቡት በዳውሮ የሃላላ ኬላ ሪዞርትና በኮንታ በጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው ሎጅ፣ በዚሁ ክልል ከፍተኛ ደረጃ ያለው ማረፊያ መገንባት እንደሚቻል አሳይተዋል። ሆኖም በክልሉ ምሥራቅ የተገነባው ማረፊያ ብቻውን የምዕራቡን ክፍል ሊጠቅም አይችልም። ለሚዛን፣ ለቴፒና ለማሻ ይበልጥ የሚያስፈልገው ንጹሕ መኝታ፣ የሠለጠነ አስጎብኚ፣ የታወቀ ዋጋና ምልክት የተደረገበት የእግር መንገድ ነው። ይህ ደግሞ ከትልቅ ካፒታል ይልቅ ቅንጅትን ይጠይቃል።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ የጥቅም ክፍፍል ነው። ደኑ እስካሁን የቆየው በአካባቢው ማኅበረሰብ ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ነው። በሸካ ዛፍ የማይቆረጥባቸው፣ በእምነትና በጎሳ መሪዎች ሥልጣን የሚጠበቁ ቦታዎች አሉ። በሌላ በኩል ለሰፈራ፣ ለሻይና ለቡና እርሻ የሚፈለገው መሬት ደኑን ከዳር ዳር ሲገፋው ቆይቷል። አንድ ገበሬ ደኑን ጠብቆ ከሚያገኘው ይልቅ መንጥሮ የሚያገኘው ከበለጠ፣ ጥበቃውን በምክር ብቻ ማስቀጠል አይቻልም። ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብ በመንደሩ ለመሪ፣ ለማር አምራችና ለእናቶች የቡና አገልግሎት ከደረሰ ግን ቆሞ ያለ ዛፍ የገቢ ምንጭ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግም ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ገበያው እንዳይገባ የሚከለክል በመሆኑ፣ ደኑን መጠበቅ ለቡናው ገበያም የህልውና ጉዳይ ሆኗል።

ጥቅሙ ሁልጊዜ በገንዘብ ብቻ የሚለካ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። በኦሞ ሸለቆ ሕዝቦች ዘንድ በእያንዳንዱ ፎቶ ግራፍ ክፍያ የሚጠየቅበት ልማድ ሰዎች ለካሜራ ብለው እንዲያጌጡ፣ ልጆችም ትምህርት ትተው መንገድ ዳር እንዲቆሙ ሲያደርግ ታይቷል። በሱሪም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ጉብኝት ሲስፋፋ ከዚህ ትምህርት መውሰድ ተገቢ ነው።

ተገልጋዮች ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

ጊዜ፦ አካባቢው በአብዛኛው በዓመት ከ1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ ነው። ዝናቡ የሚቀንሰው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት በመሆኑ ለደን ጉዞ የሚመረጠው ይህ ጊዜ ነው። የቀይ ቡና ለቀማን ለማየት የሚሹ ግን መኸሩን ተከትለው ቀደም ብለው ሊሄዱ ይችላሉ።

ቅድመ ዝግጅት፦ ከመነሳት በፊት ስለ መንገድና ስለ ጸጥታ ሁኔታ የሚመለከተውን የዞን ወይም የወረዳ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይመከራል። ወደ ማጂ፣ ወደ ሱሪና ወደ ኦሞ ፓርክ ለሚሄዱ ይህ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

ጤና፦ በቴፒ፣ በበበቃና በሌሎች ዝቅተኛ ቦታዎች ወባ ስላለ አጎበር መጠቀምና አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

በደን ውስጥ፦ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ዋና ክልል፣ መከለያ ክልልና የልማት ክልል ተብሎ ይከፈላል። በዋናው ክልል መቁረጥ፣ ማደንና እሳት ማንደድ አይፈቀድም። የእምነት ቦታዎች ውስጥ ያለ አካባቢው ሽማግሌዎች ፈቃድ አይገባም።

ዘርና ችግኝ፦ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የቡናም ሆነ የሌላ ዕፅዋትን ዘር፣ ችግኝ ወይም ሌላ የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ ሀገር ማውጣት የተከለከለ ነው። የተቆላ ቡናን ለስጦታ መግዛትና የዱር ቡናን ዘር ከደን መልቀም የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን፣ በተለይም ከውጭ ሀገር እንግዳ ይዘው የሚመጡ ዜጎች፣ ሊያስረዱ ይገባል።

ክፍያ፦ ዋጋን አስቀድሞ መስማማትና ለአስጎብኚም ሆነ ለመግቢያ ለተከፈለ ገንዘብ ደረሰኝ መጠየቅ የተገልጋዩ መብት ነው። ደረሰኙ ገንዘቡ ለታለመለት ማኅበረሰብ መድረሱን ለመከታተልም ያስችላል።

ለማጠቃለል፣ ከዘጠና ዓመት ገደማ በፊት ከዚህ ምድር የወጣው ዘር ለሌሎች ሀገራት ሀብት ሆኗል፤ ስሙን የሰጠው አካባቢ ግን ድርሻውን ገና በመጠበቅ ላይ ነው። ያ ድርሻ በመንግሥት ኢንቨስትመንት ብቻ አይሟላም። ለጉዳይ ሚዛን አማን ደርሶ አንድ ቀን ጨምሮ በማደር፣ የአካባቢውን ወጣት መሪ አድርጎ ደኑን የሚያይ፣ ማሩንና ቡናውን ከአምራቹ እጅ የሚገዛ እያንዳንዱ ዜጋ የዚህ ሥራ ተካፋይ ነው።