ዳንቴልም ይኮረጃል!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል ተማሪ

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ኩረጃ ነው። የፈተና ኩረጃ ግን አይደለም፤ ስለ እሱ ሰልፍ ላይ በየጊዜው ይነገረናል። እኔ የምለው የዳንቴል ኩረጃ ነው። ፈተና ላይ የጓደኛውን ወረቀት ያየ ተማሪ ዜሮ ይሰጠዋል። የሰው ዳንቴል አይታ ቁልጭ አድርጋ የገለበጠች ግን «ጎበዝ፣ እጅሽ ይባረክ!» ትባላለች።

ሌላ ሰው ላይ ከመጠቆሜ በፊት ራሴን ላጋልጥ። አምና ለእጅ ሥራ ያስረከብኩት ክብ የጠረጴዛ ዳንቴል ከእህቴ ስልክ ላይ ካለ ፎቶ እየቆጠርኩ የሠራሁት ነበር። ጥሩ ማርክ አገኘሁበት። መምህራችን አገላብጠው አይተው «እዚህ ጋ ለምን ጨመርሽ?» ሲሉኝ ግን የምመልሰው አጣሁ። «ፎቶው ላይ ስላለ ነው» ብዬ መናገር አፈርኩ። ያ ማርክ እስካሁን የእኔ አይመስለኝም።

ስለዚህ ክረምቱ ሲያልቅ የራሴን ለመፍጠር ተነሳሁ። ለእንቁጣጣሽ ከለቀምነው አደይ አበባ አንዷን ይዤ ቢጫ ቅጠሎቿን ቆጠርኩ፤ 8 ናቸው። ከመሃል በ12 ቋሚ ጀመርኩ። (ቋሚ የምለው ክሩን አንዴ ኪሮሹ ላይ ጠምጥመን የምንሠራውን ረጅሙን ነው።) በየዙሩ 6 ስጨምር 12፣ 18፣ 24 እያለ ሄደና ዳር ዳሩ ወደ ላይ ተነስቶ የሕፃን ኮፍያ ሆኖ አረፈው። ታናሽ ወንድሜ አናቱ ላይ ደፍቶት ሳቀብኝ። ተረተርኩት። ቀጥሎ በየዙሩ እጥፍ አደረግሁት፤ 12፣ 24፣ 48፣ 96። አሁን ደግሞ በዝቶ እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማደደ። እሱንም ተረተርኩ። እናቴ «ኧረ ክሩን ገደልሽው!» አለችኝ።

በመጨረሻ የሒሳብ ደብተሬን አውጥቼ በየዙሩ እኩል 12 እየጨመርኩ ጻፍኩ፤ 12፣ 24፣ 36፣ 48። ስሠራው ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ አለ! 48ን ለ8 ሳካፍል ደግሞ ለእያንዳንዱ የአበባ ቅጠል 6 ደረሰው፤ ቀሪ የለም። አሁን ማንም «እዚህ ጋ ለምን ጨመርሽ?» ቢለኝ መልስ አለኝ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ታዲያ ሳናይ እንዴት እንማራለን?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔም ሰንሰለት መሥራት የተማርኩት የእናቴን እጅ እያየሁ ነው። ፊደልም መጀመሪያ የሚለመደው በመገልበጥ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ ሰሌዳ ላይ ያለውን ብቻ የሚገለብጥ ልጅ አንድ ደብዳቤ እንኳ መጻፍ አይችልም። ደግሞስ የሰው ዲዛይን ስንሠራ «የእከሊት ነው» ብንል ምን ይጎድልብናል?

ሌላው ሐሳቤ ስለ መጻፍ ነው። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሠሩት ዳንቴል አሁንም ቤታችን ቴሌቪዥኑ ላይ አለ። ዳር ዳሩ ላይ ማንም ቤት አይቼው የማላውቀው ጥልፍልፍ አለው። በቅርቡ አንዱ ጥግ ተቀደደ። እናቴም አክስቴም ጎረቤታችንም ሞከሩት፤ አልሆነም። ከሌሎቹ ጥጎች እንዳንቆጥር ክሩ ቀጭን ነው፣ በመታጠብ ብዛትም ተጣብቋል። አያቴ ቁጥሩን በጭንቅላታቸው እንጂ በወረቀት አልያዙትም ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ያኔ ገባኝ። የተቀደደው ጥግ አሁን ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀምጧል።

ስለዚህ መምህራንን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የእጅ ሥራ ስናስረክብ አብረን አንድ ገጽ እንጻፍ። በስንት እንደጀመርን፣ በየዙሩ ስንት እንደጨመርን፣ የት ተሳስተን እንደተረተርን ይኑርበት። ከማርኩም ግማሹ ለገጹ ይሁን። ያኔ ከገበያ ገዝቶ የሚያመጣውም ይታወቃል። (ራሳችሁን ታውቃላችሁ!) ወንዶችም «የሴት ሥራ ነው» አትበሉ፤ ሽሮ ሜዳ ጥለት የሚሠሩት ሸማኔዎች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ እነሱም ክር ይቆጥራሉ።

የአደይ አበባዬን ቁጥር በሚቀጥለው ገጽ ላይ በእርሳስ ሥየዋለሁ። የፈለገ ይሥራው፤ ከማን እንዳገኘው ግን ይናገር። ከእኔ የተሻለ የፈጠረ ካለም ጽፎ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ይስጥ፤ በሚቀጥለው መጽሔት እናነበዋለን።

ቸር እንሰንብት!