ለፈረንጅ ብቻ የሚከፈት ጋለሪ ይቅርብን!

ባሕር ዳር ላይ ሥዕልና ዶቃ የሚሸጥ ትንሽ ጋለሪ ልክፈት የሚል ወጣት ሲነሳ ከየአቅጣጫው የሚሰማው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ፈረንጅ በሌለበት ለማን ልትሸጥ?» የዛሬው ጠባችን ከዚህች ጥያቄ ጋር ነው፡፡

እርግጥ ነው፣ ነገሩ ከባድ ነው፡፡ በ2012 ኮሮና መጣ፡፡ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፡፡ እሱ ቆመ ስንል ደግሞ ክልላችን ራሱ የጦር ሜዳ ሆነና ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፡፡ ጎብኚ ጭነው ወደ ዜጌ ይመላለሱ የነበሩ ጀልባዎች ሥራ ፈቱ፡፡ ጀልባ ነጂው፣ አስጎብኚው፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ዳር የብራና ሥዕልና ትንንሽ ታንኳ ዘርግቶ የሚሸጠው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተመታ፡፡ ይህን የሚክድ የለም፡፡ እኛ የምንለው ግን ንግዱ ድሮም በአንድ እግሩ የቆመ ነበር ነው፡፡ ያ እግር ሲመታ ወደቀ፡፡ የከተማው ነዋሪ እንደ ገዢ ተቆጥሮ አያውቅማ!

እስቲ ወደየቤታችን እንግባ፡፡ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ምን ተሰቅሏል? በረዶ የለበሰ የስዊዘርላንድ ተራራ፡፡ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተቀምጦ እኛ ስሙን የማናውቀውን ፏፏቴ ሰቅለን ቡና እንጠጣለን፡፡ ጣዕም ስለሌለን ነው? አይደለም፡፡ ፖስተሩ አቅማችን በሚችለው ዋጋ በየገበያው ስላለ ነው፡፡ ሥዕሉ ግን በዶላር ታስቦ የተተመነ ነው፤ ሻጩም ሐበሻ ሲገባ ከተቀመጠበት አይነሳም፡፡ ከዚያ በኋላ «ሐበሻ ሥዕል አይወድም» ተብሎ ይፈረድብናል፡፡

ለመሆኑ የጣና ገዳማት ግድግዳ ለማን ነው የተሳለው? ለቱሪስት? ፊደል ላልቆጠረው የዜጌ ገበሬ፣ ለደቅ ደሴት ዓሣ አስጋሪ፣ ልጅ አዝላ ለምትሳለም እናት ነው የተሳለው፡፡ ይህ ሕዝብ ሥዕል ማየት የተማረው ከፈረንጅ አይደለም፡፡

ዋጋውን ከእኛ ቀድሞ ያወቀው ግን ሌላ ሰው ነበር፡፡ በ1924 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1932) በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ተልዕኮ ከጎንደር አባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊዎቹን ሥዕሎች ከግድግዳው ላይ ልጦ ወሰደ፤ በቦታቸውም አብሮት የመጣ ሠዓሊ የሠራቸውን ቅጂዎች ተክቶ ሄደ፡፡ ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው፡፡ ከጣና ማዶ የሆነውን ይህን ታሪክ ስንቶቻችን በትምህርት ቤት ተማርነው?

ሁለተኛው ጠባችን ከራሳቸው ከአንዳንድ ነጋዴዎች ጋር ነው፡፡ አዲስ ብራና በጭስ አጥቁረው «የጥንት ነው» ይላሉ፡፡ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፡፡ እንግዲህ ዕቃው አዲስ ከሆነ ሻጩ ዋሽቷል፤ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ከአገር መውጣት የሌለበትን ለመንገደኛ ሸጧል፡፡ በሁለቱም መንገድ ተጎጂው ብሩሽ የያዘው ልጅ ነው፡፡ ሥራው ለገበያ የሚበቃው ስሙ ሲጠፋ ብቻ ነውና፡፡

«ስም አለመጻፍ ትሕትና ነው፣ ባህላችን ነው» የሚሉን አሉ፡፡ ዳጋ እስጢፋኖስን ይጠይቁ፡፡ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ መነኩሴው ፍሬ ጽዮን የእመቤታችንን ሥዕል ሠርቶ ስሙን ጽፎበታል፡፡ ከእርሱ በላይ ትሑት እንሁን? ናርጋ ሥላሴ ደግሞ ሂዱ፡፡ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል፡፡ ከፋዩዋን ሁላችንም እናውቃለን፡፡ ሠዓሊውንስ?

ወደ ዶቃው እንምጣ፡፡ እዚህ ላይ ተቃውሞው ከሌላ በኩል ነው፤ «ጨሌ የዛር ነው፣ የዶቃ ሱቅ ምን ይሠራልናል?» ይባላል፡፡ ወገኖቻችን፣ የሃይማኖት ጥንቃቄያችሁን እናከብራለን፡፡ ነገር ግን አባቶች እየቆጠሩ የሚጸልዩበት መቁጠሪያ በክር የተሰካ ፍሬ አይደለም እንዴ? ነገሩን የሚለየው ሰው የሚያደርግበት እንጂ ክርና ፍሬው አይደለም፡፡ ሴት አያቶቻችን ድሪና ማርዳ ያሠሩት ለጠንቋይ ሳይሆን ለሠርግ ነበር፡፡ የመስታወት ዶቃም ቢሆን ከቬኒስና ከቦሄሚያ በነጋዴ ተጭኖ አፍሪካን ሲዞር መቶ ዓመታት አልፈውታል፡፡ ፍሬው ከውጭ መምጣቱ አያሳፍርም፡፡ የሚያሳፍረው በማሽን ተሠርቶ በካርቶን የመጣውን ሐብል «የእጅ ሥራ» ብሎ መሸጥ ነው፡፡

ከዚህ ሁሉ ሥር ያለው በሽታ ግን ያው የቆየው የባለ እጅ ንቀት ነው፡፡ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፡፡ ዛሬም ቀጥቃጩን «ቡዳ» የሚል አለ፡፡ ከደንገል የተሠራችውን ትንሽ ታንኳ ለጌጥ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ጥበቡን ከአባቱ ከወረሰው ወይጦ ጋር አንድ ገበታ ላይ አይቀርብም፡፡ ታንኳዋን እንወዳለን፤ እጁን እንጠየፋለን፡፡ ይህ ንቀት ባለበት የሚከፈት ጋለሪ የባለ እጁን ሥራ የሚወስድና ሰውየውን በር ላይ የሚያስቀር ቤት ነው፡፡

ሌላ መንገድ መኖሩን ግን በዓይናችን አይተናል፡፡ ከወረታ ብዙም በማትርቀው አውራምባ ሸማኔዎቹ የሸመኑትን እዚያው መንደራቸው ውስጥ በራሳቸው ሱቅ ይሸጣሉ፡፡ አዲስ አበባ እንጦጦ ግርጌ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች ከቀለጠ የጥይት ቀለህ ዶቃና ጌጥ ሠርተው ኑሯቸውን አሸንፈዋል፡፡ ቀለህ በሞላበት አገር ይህን ሥራ ለመናቅ የሚደፍር ማን ነው?

ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ጋለሪ ለመክፈት የምታስቡ ጓደኞቻችን፣ ክፈቱ! አንድ ክፍል ይበቃል፡፡ የሠሪውን ስም በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ጻፉ፡፡ ከዋጋው ለእርሱ ስንት እንደሚደርሰው ገዢ እንዲያየው አድርጉ፡፡ ለሐበሻና ለፈረንጅ አንድ ዋጋ ይሁን፡፡ ለተመራቂ ተማሪ ስጦታ፣ ለሙሽራ ሐብል፣ ለአንድ የመምህር ደመወዝ የሚቀመስ ትንሽ ሥዕል ይኑራችሁ፡፡ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈር ልጆች በነጻ ገብተው ይዩ፡፡

የከተማው አስተዳደርም ቢሆን ከሐይቁ ዳር ጥቂት ካሬ ሜትር ለሠዓሊና ለዶቃ ሰኪ ቢሰጥ ጣና አይደርቅበትም፡፡

ሰላም ሲወርድ ፈረንጁም መምጣቱ አይቀርም፡፡ ሲመጣ እኛ ከገዛነው ይገዛል፡፡ እስከዚያው የስዊዘርላንድን ተራራ ከግድግዳችን እናውርድ፡፡