ቢስክሌት ለሥራ ሰው፤ ደስታውና ጥንቃቄው

ሰው በመንግሥት ሥራ ላይ ሲመደብ መጀመሪያ የሚሰጠው ዐደራ ገንዘብ ወይም ማኅተም አይደለም፤ ሰዓት ነው። ማኅተም ቢጠፋ ሌላ ይቀረጻል፤ ገንዘብም ቢጎድል ይተካል፤ ባለጉዳይ በደጅ ቆሞ የጠበቀበት ጧት ግን ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ያለውን መንገድ በምን እንሂድ የሚለው ጥያቄ ትንሽ መስሎ ቢታይም፥ የቤተሰብንም ኑሮ የሕዝብንም ጉዳይ የሚነካ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ ቢስክሌት ጥቂት ለመናገር ወደድን።

በአባቶቻችን ዘመን ሹም ወደ ሥራው የሚሄደው በበቅሎ ነበር። በቅሎም ብቻዋን አትበቃም፤ ገብስ የሚያቀርብላት፥ ኮርቻዋን የሚጭንላት፥ ከጎኗም የሚሮጥ አሽከር ያስፈልጋት ነበር። ቢስክሌት ግን ገብስ አይበላም፤ ሣር አይግጥም፤ አሽከርም አይፈልግም። ዳሩ ግን በሁለቱ መካከል ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በቅሎ ገደል ስታይ ትቆማለች፤ ጌታዋ ቢያንቀላፋ እንኳ መንገዷን አትስትም። ቢስክሌት ግን ገደሉን አያይም። በበቅሎ ላይ ሁለት ዐሳብ አለ፤ አንደኛው የጋላቢው፥ ሁለተኛውም የበቅሎዋ ነው። በቢስክሌት ላይ ያለው ግን የጋላቢው ዐሳብ ብቻ ነው። ደስታውም አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ይህ መሣሪያ ባንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። በ1817 እ.ኤ.አ. ካርል ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ ሁለት መንኰራኵር ያለው የእንጨት መሣሪያ ሠራ፤ መርገጫ ስላልነበረውም የተቀመጠበት ሰው የሚሄደው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር። በ1885 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱ መንኰራኵሮች በቁመት የተቀራረቡበትን፥ የእግርም ኀይል በሰንሰለት ወደ ኋለኛው የሚተላለፍበትን «ሮቨር» የተባለ ቢስክሌት አወጣ። በ1888 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ዳንሎፕ፥ ለልጁ መጫወቻ ብሎ የሠራውን በነፋስ የሚነፋ ጎማ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ የምንቀመጥበት ቢስክሌት በመሠረቱ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ወደ አገራችን እንመልሰው። የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ጊንጪ፥ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ፥ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። አዋሽ ወንዝ የሚመነጨው በዚሁ ወረዳ ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ ከመሥሪያ ቤቱ 4 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ሠራተኛ አለ እንበል። በእግሩ ቢሄድ፥ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራመድ፥ 48 ደቂቃ ይፈጅበታል። በቢስክሌት ረጋ ብሎ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ግን 16 ደቂቃ ይበቃዋል። ትርፉ በአንድ ጉዞ 32 ደቂቃ፥ ደርሶ መልስ 64 ደቂቃ፥ በአምስት የሥራ ቀን ደግሞ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። ባጃጅ ቢገኝ ይፈጥን ይሆናል፤ ነገር ግን ባጃጅ ተሳፋሪውን ይጠብቃል፥ ነዳጅም ይጠብቃል፤ ቢስክሌት የሚጠብቀው ጌታውን ብቻ ነው።

የዚህም ጥቅም ለሠራተኛው ብቻ አይደለም። ቁመቱ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከሆነው ከደንዲ ተራራ ሥር የሚነሣ ባለጉዳይ ለቀጠሮው ለመድረስ ዶሮ ሲጮኽ ከቤቱ ይወጣል። ከፍርድ ቤቱ ደጅ ሲደርስ እግሩ ደክሟል፤ ስንቁም አልቋል። ዳኛው በችሎት ቢቀመጥም ጸሐፊው መዝገቡን ካላቀረበ ጉዳዩ አይሰማም። ጸሐፊው መጓጓዣ አጥቶ አንድ ሰዓት ቢዘገይ፥ ያ ገበሬ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በጨለማ ነው። እንግዲህ የሠራተኛው ቢስክሌት የባለጉዳዩን መንገድ ጭምር ያሳጥራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ደስታው ብዙ መናገር ይቻላል። በመስከረም ዝናቡ ሲያቆምና ሜዳው አደይ አበባ ሲለብስ፥ በጥቅምትም የጤፉ ማሳ በነፋስ እንደ ውሃ ሲወዛወዝ፥ በመኪና የሚያልፍ ሰው ይህን በመስተዋት በኩል ለቅጽበት ያየዋል፤ በቢስክሌት የሚሄድ ግን ሽታውን ሳይቀር ይዞት ይገባል። በመንገድ የሚያገኛቸው ሰዎች በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ብለው ሲጠይቁት የሰላምታውን መልስ ሳይሰጥ አያልፍም። በወንበር ላይ ውሎ የሚደነዝዘው ወገብና ጉልበትም ጧትና ማታ ይፍታታል። አገሩ ደጋ፥ አየሩም ስስ ስለ ሆነ ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ በጥቂት ጊዜ ግን ሳንባው ይለምደዋል።

አንድ ቀን ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ቢስክሌቱ ከዛፍ ተደግፎ አይተው፥ «ልጄ፥ ይህ ፈረስህ ምን ይበላል?» ብለው ይህን ጸሐፊ ጠየቁት። «አባቴ፥ የሚበላው ነፋስ ብቻ ነው» ብሎ መለሰላቸው። ሽማግሌውም ጎማውን በጣታቸው ጫን አድርገው መረመሩና፥ «እንግዲያውስ ጠግቧል፤ የጠገበ ፈረስ ይጥላልና ተጠንቀቅ» አሉት። ስለ ቢስክሌት ከዚህ የበለጠ ምክር በመጽሐፍም አይገኝም።

ይሁን እንጂ አንዳንድ ክቡራን «ሹም ሆኖ፥ ላብ በግንባሩ እየወረደ፥ እንደ ተላላኪ ልጅ ብረት ሲረግጥ መታየት ማዕርግ አያሳንስምን?» ይሉ ይሆናል። ለዚህ መልሱ ቀላል ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም.፥ በሜልቦርን ከተማ ሰንደቅ ዓላማችንን ካስጠሩት መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ሆኖ ገብቷል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። አገርን ያስከበረ መሣሪያ ሹምን የሚያዋርድበት ምክንያት የለም። ላቡን በተመለከተ፥ ንጹሕ ሸሚዝ በቦርሳ ይዞ መሥሪያ ቤት ሲደርሱ መለወጥ ይበቃል። የሚያዋርደው በሰዓቱ አለመገኘት ነው እንጂ በምን እንደ መጡ አይደለም።

አሁን ወደ አደጋው እንለፍ። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው መግለጫ መሠረት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ሁሉ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ነው፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፥ ብስክሌተኞችና የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ የኖረ ሰው የሚያውቀው አንድ ቃል አለ፤ እሱም «አላየሁትም» የሚለው ነው። ከባድ መኪና የነዳ ሰው ሲጠየቅ አዘውትሮ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ስለዚህ የብስክሌተኛ የመጀመሪያው ሥራ መታየት ነው። ነጭ ወይም ደማቅ ልብስ ይልበስ፤ ከፊት ነጭ፥ ከኋላ ቀይ መብራት ያብራ፤ የመንገዱን ቀኝ ይያዝ፤ ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲያስብ ወደ ኋላ ተመልክቶ እጁን ይዘርጋ። የቆመ መኪና አጠገብ ሲያልፍም በሩ በድንገት ሊከፈት ይችላልና የአንድ ክንድ ያህል ርቆ ይለፍ። በራሱም ላይ የራስ ቁር ይድፋ፤ ክንድ ቢሰበር በወጌሻም በሐኪምም ይጠገናል፤ ራስ ግን እንደዚያ አይጠገንም።

ሁለተኛው አደጋ ፍጥነት ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንዲት ሰከንድ ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል። ልጅ ከመንገድ ዳር ብቅ ሲል አይቶ፥ ዐስቦ፥ እጁ ፍሬኑን እስኪጨብጥ ድረስ ያ 5 ሜትር አልፏል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ቸርኬውን የሚይዘው ጎማ ስለሚያንሸራትት ፍሬኑ ቶሎ አይይዝም። ቁልቁለት ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለቱንም ፍሬን በጥቂት በጥቂቱ መያዝ እንጂ ታችኛው ጫፍ ሲደርሱ የፊቱን ብቻ በኀይል መጨበጥ ሰውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ሦስተኛው የአገራችን የራሱ የሆነ አደጋ ነው፤ ይኸውም ገበሬው ኮቲቻ የሚለው ጥቁር አፈር ነው። በጊንጪ አካባቢ ከሰኔ እስከ መስከረም ይህ አፈር እንደ ሊጥ ይሆንና በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ተጠቅጥቆ ቢስክሌቱን ያስረዋል። በዚህ ጊዜ መታገል ሰንሰለትን መበጠስ ነው። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ሰፈር የሚገባው መንገድ ጭቃ ሲሆን ወርዶ መግፋት፥ ቢያስፈልግም መሸከም ብልኀት ነው፤ ጭቃውን የሚጠርጉበትን አጭር እንጨት ከኮርቻው ሥር ማሰርም አይከፋም። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅምና በዙሪያው እንጂ በመካከሉ አይሄዱም።

አራተኛው ልብስ ነው። የነጠላ ወይም የጋቢ ጫፍ ወደ ኋላ ተለቆ ከሰንሰለቱ ወይም ከመንኰራኵሩ ቢገባ ያንቃል፤ ይጥላልም። ስለዚህ ነጠላውን አጣጥፎ በቦርሳ መያዝ፥ የቀኙን የሱሪ እግርም በካልሲ ውስጥ መክተት ይገባል። ውሻ ሲያባርር በእግር ለመምታት መሞከር ሚዛን ያስታል፤ ሳይደነግጡ ዝግ ብሎ ማለፍ፥ ካልሆነም ወርዶ ቢስክሌቱን በመካከል አድርጎ መቆም ይሻላል።

ይህ ሁሉ የጋላቢው ብቻ ጉዳይ መስሎ እንዳይታይ፤ ቤተሰብም ድርሻ አለው። በቅሎዋን ይጠብቅ የነበረው አሽከር ዛሬ ስለሌለ፥ በእሱ ፈንታ የቤቱ ሰዎች ይተኩ። ቅዳሜ ማታ ልጆች ከአባታቸው ጋር ሆነው ጎማውን ጫን አድርገው ይዩ፤ ፍሬኑን ይፈትኑ፤ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠርገው ዘይት ይቀቡ፤ መብራቱንና ደወሉን ይሞክሩ። የተቀደደ ነገር ካለ ሰኞ ጧት ሳይሆን በዚያው ዕለት ወደ ጎሚስታ ይወሰድ። እንዲህ ያደገ ልጅ ኋላ ራሱ ሲነዳ መሣሪያውን ያውቀዋል፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለምን? ይህም ለወንዶች ልጆች ብቻ ተብሎ አይወሰን። ለሴት ልጅ በቀሚስ እንድትወጣበት አግዳሚው ዝቅ ብሎ የተሠራ ቢስክሌት አለ፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው መንገድ ለእኅትም ለወንድምም ያው አንድ ነው።

ለእመቤቶች ደግሞ አንድ ልመና አለን። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ መብራት በሌለው መንገድ መንዳት ከሁሉ የከፋ ነው። ባል ወይም ልጅ ሥራ በዝቶበት ቢመሽበት ቢስክሌቱን በመሥሪያ ቤት ትቶ በሌላ መጓጓዣ ይመለስ፤ ወይም እየገፋ ይምጣ። ቤት ሲደርስም ስለ መዘግየቱ በቁጣ አትቀበሉት። የቤቱን ቁጣ የሚፈራ ሰው በመንገድ ላይ ይጣደፋል፤ ዘግይቶ የደረሰ እራት ይሞቃል፤ ሳይደርስ የቀረ አባት ግን ምን ያደርገዋል?

ሥልጣን ላላችሁ ክቡራንም የምናሳስበው አለ። ባሕር ዳር በሜዳማነቷ የተነሣ የብስክሌተኞች ከተማ ተብላ ትታወቃለች። በአዲስ አበባም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚባለው ቀን ጎዳናዎች ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ሲለቀቁ ታይተዋል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በታደሱት መንገዶችም ላይ ለቢስክሌት ብቻ የሚሆን መሥመር ተሠርቷል። ትንንሾቹ ከተሞች እንዲህ ያለውን ወጪ ባይችሉ እንኳ፥ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ዝናብ የማያስገባ ጣራና ቢስክሌት የሚታሠርበት ብረት ማቆም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የመንገዱ ዳርም ከድንጋይና ከአሸዋ ክምር ጸድቶ ቢጠበቅ፥ ብስክሌተኛው ከከባድ መኪና ፊት ለፊት ወደ አስፋልቱ መካከል አይገፋም ነበር።

በቢስክሌት ላይ ያለው የጋላቢው ዐሳብ ብቻ ነው ብለናል። እንግዲያውስ በኮርቻው ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ያ ዐሳብ ንቁ ይሁንለት፤ ባለጉዳዩ በደጅ፥ ቤተሰቡም በቤት እየጠበቁት መሆኑን ያስታውስ። በሰዓቱ መድረስ መልካም ነው፤ በደኅና መድረስ ግን ከሁሉ ይቀድማል።