ሁርሶ በየትኛው መዝገብ ላይ አለች?

«የኢትዮጵያ ልጆች» ሲባል እነማን ናቸው? የኦክስፎርዱ «ያንግ ላይቭስ» ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 3000 ልጆችን ይዞ ተነሣ፤ ለዓመታት እየተመላለሰ ቁመታቸውን ለካ፣ ትምህርታቸውን ፈተነ፣ የቤታቸውን ኑሮ ጠየቀ። ፖሊሲ አውጪዎች ጠረጴዛ ድረስ የዘለቀ ሥራ ነው፤ ማን ይክዳል! ግን የተመረጡት አዲስ አበባ፣ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ የያኔው ደቡብና ትግራይ ነበሩ። አብዛኛው ሕዝብ እዚያ ነዋ! እሺ፣ የቀረነውስ? ከብቱን ተከትሎ የሚጓዝ ቤተሰብ ልጁን በሌላው አማካይ ቁጥር ያሳድግ?

ሁርሶን አገር የሚያውቃት በወታደር ማሠልጠኛዋ ነው። በአሮጌው ሐዲድ ዳር የምታድገው ልጅ ግን እዚያ መዝገብ ላይ የለችም።

ጓዶች፣ ኦክስፎርድ ላይ ማላከክም አያዋጣም። የኛስ መመረቂያ ጽሑፍ? በእንግሊዝኛ ተጠርዞ አቧራ ለብሷል! ሶማሊኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ ጓደኞቻችንን ይዘን ሁርሶ እንውረድ፤ ያገኘነውንም ለአስተዳደሩ በሁለት ገጽ አማርኛ እናስረክብ። አማካሪዎቻችን ይህን እንደ ጥናት ይቆጥሩልናል ወይ? መልሳቸውን በሚቀጥለው እትም ይጻፉልን።